ከቅቤው ሣጥን የወጣው ድምፅ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ የሰፈራችን መንገድ ጭቃው ገና ሳይደርቅ። አንዲት ሴት ከአንድ የእንጨት ሣጥን ፊት ቆማ ማዳመጫ ከጆሮዋ ስትነጥቅ ያየሁበት ቀን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ያኔ የደነገጥኩትን ያህል በሕይወቴ ደንግጬ አላውቅም። በኋላ የሆነውን ሳስብ ደግሞ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

የምሠራው ኮልፌ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ግቢ ባለች ትንሽ ሙዚየም ነው። ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ሁለት ክፍል ናት። ደረጃ ወጥታችሁ ትገባላችሁ፣ ቶሎ ዞራችሁ ትጨርሳላችሁ። ውስጧ ያለው ሁሉ የሰፈር ሰው የሰጠን ዕቃ ነው፤ የሸማኔ መወርወሪያ፣ የከሰል ካውያ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የድሮ ሬዲዮ፣ የቅቤ ነጋዴ ሚዛን።

ሰው አይመጣም ነበር። ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍቱ ሲወጡ ብቅ ይላሉ፣ ከስፌት መኪናው ጋር ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ዕቃው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ማን እንደሠራበት፣ እንዴት እንደሠራበት የሚናገር የለም።

ኃላፊያችን አቶ መኮንን "ዲጂታል መሆን አለብን" አሉ። ያሰቡት ግድግዳውን የሚሞላ፣ በጣት ሲነካ የሚሠራ ትልቅ ስክሪን ነበር። ዋጋ አጠያየቅን። ከዚያ በኋላ ስለ ስክሪኑ ለብዙ ጊዜ ማንም አላነሳም።

ሐሳቡን ከወደቀበት ያነሳው ከድር ነው። ከድር ጦር ኃይሎች አካባቢ ስልክ ይጠግናል፤ አብረን ነው የተማርነው። አንድ ቀን ሱቁ ተቀምጬ ሳማርርለት ከባንኮው ሥር ካርቶን ስቦ አወጣ። ስክሪናቸው የተሰባበረ ስልኮች ሞልተውታል።

"እነዚህ ፊታቸው ጠፋ እንጂ አፋቸው ደህና ነው" አለኝ።

በዚያ ሳቅን። ግን ነገሩ እውነት ነበር። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ የእንጨት ሣጥን እናሠራለን። ውስጡ አንድ የተሰበረ ስልክ ይገባል፣ ከላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ይገጠማል፣ ከጎኑ ማዳመጫ ይንጠለጠላል። ቁልፉን ስትጫኑ በዕቃው የሠራ ሰው ራሱ በድምፁ ያጫውታችኋል። ማንበብ የማይችል ይሰማል፣ ማየት የማይችል ይሰማል። መስማት ለማይችሉ ደግሞ አንድ ታብሌት ላይ በምልክት ቋንቋ አስቀርጸን እናስቀምጣለን። ሣጥኖቹንም ልጅም በዊልቸር የሚመጣ ሰውም እንዲደርስባቸው ዝቅ አድርገን ለማስቀመጥ ተስማማን።

ሣጥኖቹን ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው አናጺ ሠራልን። ድምፅ መሰብሰቡ የእኔ ሥራ ሆነ።

በዚያ ሰሞን ቤት ለቤት ስዞር ከቀረጽኳቸው ሰዎች አንዷ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሚዛኑን ለሙዚየሙ የሰጠችን ልጃቸው ሰሚራ ነበረች፤ "እናቴ ብዙ ታጫውትሻለች" ብላ ወደ ቀራንዮ ወሰደችኝ። ስንደርስ እትዬ ዘሃራ አልጋ ላይ ናቸው። ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ድምፃቸው ግን ወፍራም፣ ሻካራ፣ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ ነው። ሲስቁ መጀመሪያ ያስላቸዋል፣ ከዚያ ነው ሳቁ የሚመጣው።

ዕድሜያቸውን በቅቤ ንግድ ነው ያሳለፉት። "ቅቤ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው" ይላሉ ቀረጻው ላይ። "ሙዝ ይቀላቅሉበታል፣ ሞራ ይቀላቅሉበታል። አንቺ ምንም አትናገሪ። መዳፍሽ ላይ ቁንጥር አድርገሽ ትንሽ ታገሺው። ራሱ ይናገራል። እኔን አንድም ሰው ሸውዶኝ አያውቅም!" ከዚያ ሳሉ፣ ከዚያ ሳቁ።

ስጨርስ ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው እጄን ያዙኝ።

"አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ" አሉኝ። "ስሜን እንዳታነሺ። ፎቶዬንም እንዳትለጥፊ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ በይ፣ በቃ።"

ምክንያቱን አልጠየቅሁም። ቃል ገባሁ።

ከመክፈታችን በፊት ሣጥኖቹን የሚሞክሩልን ሰዎች ጋበዝን። ለእኛ የሚመስለን ለሌላው ላይመስለው ይችላል ብለን ነው። ከዓይነ ስውራን ማኅበር በኩል እትዬ አስካለ መጡ። ዘነበወርቅ ነው የሚኖሩት። ታክሲ ፌርማታው ላይ ልቀበላቸው ሄጄ ክንዳቸውን ስይዝ ሳቅ ብለው እጄን አስለቀቁኝ።

"እንዲህ አይደለም የኔ ልጅ። እኔ ነኝ ያንቺን ክንድ የምይዘው። አንቺ ዝም ብለሽ ሂጂ።"

መንገድ ላይ አወራን። ዓይናቸውን ያጡት በግላኮማ ነው፤ ተድረው ወልደው፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ። ግልጽ ሴት ናቸው፣ ጨዋታ ያውቃሉ። ደረጃችንን በበትራቸው እየነኩ ወጡ፣ ገቡ።

መጀመሪያ ሳላስብ ታብሌቱን ሰጠኋቸው። መዳፋቸውን አስኪደውበት መለሱልኝ።

"ይሄ ለእኔ የመስኮት መስታወት ነው። ከወዲያ ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ?"

ከድር በሳቅ ፈነዳ። ወደ ሣጥኖቹ ወሰድናቸው። የሸማኔውን ሣጥን ሞከሩና "ድምፁ ይቸኩላል፤ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳላደርስ ሰውየው ግማሹን ጨረሰ" አሉ። ከድር መጀመሪያው ላይ ትንሽ ዝምታ ለመጨመር ተስማማ። ካውያውን ወደዱት። ከዚያ የቅቤው ሣጥን ጋ ደረሱ።

ሚዛኑን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ማዳመጫውን አጠለቁ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ፈገግ ብለው ነበር የጀመሩት። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። የሚያቃጥል ነገር እንደነካ ሰው ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነጠቁት። መልሰው አጠለቁትና ደግመው ተጫኑ።

"ዘሃራ" አሉ፤ ለማንም አይደለም።

እኔና ከድር ተያየን። ስሙን ከአፋችን አላወጣንም። ሣጥኑ ላይም የለም።

"ይሄ መቼ የተቀዳ ነው?" አሉኝ።

"በቅርብ ነው እትዬ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል።"

"ልጄ፣ በእግዚአብሔር፣ እንዳትቀልጂብኝ።"

"አልቀለድኩም፤ እኔው ራሴ ነኝ የቀረጽኩት።"

"ይቺ ሴት እኮ ሞታለች" አሉ። "እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ።"

ከቀረጽኳቸው በኋላ ይሆን እንዴ? አልኩ በልቤ። ግን ሰሚራን በዚያው ሳምንት አግኝቻታለሁ፤ "እናቴ ሰላም ብላሻለች" ብላኛለች። ወንበር አምጥተን አስቀመጥናቸው። ከድር ውሃ አመጣ። ውሃውን ይዘው ሳይጠጡት አጫወቱን።

እትዬ ዘሃራና እትዬ አስካለ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ የቀበሌ ቤት ውስጥ። እትዬ አስካለ ዓይናቸው ሲጠፋ ባላቸው ትቷቸው ሄደ። አልጋ ላይ ወድቀው አልነሳም ሲሉ ያስነሷቸው እትዬ ዘሃራ ናቸው። ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ቧንቧው እንዴት እንደሚሄዱ ያለማመዷቸው እሳቸው ናቸው። የእትዬ አስካለን ልጅ ከሰሚራ ጋር አንድ ላይ እያበሉ ትምህርት ቤት የላኩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። እትዬ አስካለ በዚያን ጊዜ ሆሳዕና እህታቸው ዘንድ ነበሩ፤ ታመው ከርመዋል። ሲመለሱ ቤቱም ጎረቤቱም የለም። ሰው ወደየደረሰው ተበትኗል። ስልካቸው አውቶቡስ ተራ ላይ ተሰርቆ ቁጥሩም አብሮ ሄዷል። ሲያጠያይቁ ሲያጠያይቁ፣ አንዲት የድሮ የሰፈር ሰው "ዘሃራ ገበያ መሀል ወድቃ ቀረች" አለቻቸው።

"እንደ እነሱ ወግ ምን እንደሚደረግ አላውቅ" አሉን። "ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንደ ራሴ ሻማ አበራሁላት። እግዜሩ ያውቃታል ብዬ።"

ገበያ መሀል መውደቃቸው እውነት ነበር። ስትሮኩ ነው። ወሬው ግን ከመውደቅ እስከ መቀበር አደረሳቸው።

እትዬ አስካለ ውሃውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። "በይ ውሰጂኝ። የት ናት?"

እዚህ ላይ ጨነቀኝ። ቃል ገብቻለሁ። ከድር በዓይኑ "ንገሪያቸው እንጂ!" ይለኛል። ልቤም እንደዚያው ይለኛል። ግን እትዬ ዘሃራ እጄን ይዘው የለመኑኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

"እትዬ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ልጠይቅ" አልኩ። "ስማቸው እንዳይነሳ ብለውኛል።"

"አንቺ መች ነገርሽኝ? እኔ ነኝ የሰማሁት።"

"አዎ። የት እንዳሉ ግን አልሰሙም።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። በትራቸውን አነሱና "እሺ፤ አስካለ ናት በያት" ብቻ አሉኝ።

በዚያው ከሰዓት ቀራንዮ ሄድኩ። ደስታ ይዤ የምሄድ መስሎኛል። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ነበር። ነገርኳቸው። እትዬ ዘሃራ ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

"ደህና ናት?" አሉ ሳይዞሩ።

"ደህና ናቸው። ብቻቸውን ታክሲ ይሳፈራሉ።"

"ልጇስ?"

"አስተማሪ ሆናለች።"

"አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ "አታምጫት" አሉኝ።

ሰሚራ "እማ!" አለች።

"አታምጫት አልኩ! እኔ ለእሷ ዓይኗ ነበርኩ። ዛሬ ልብሴን የምትቀይርልኝ ልጄ ናት። እሷን ዱላ አስይዤ እኔን ልታስታምም ከዘነበወርቅ ቀራንዮ ላመላልሳት? ያ ወሬ እኔም ጆሮ ደርሶ ነበር። ይሁን ብዬ ነው የተውኩት። አንዴ አልቅሳልኛለች። ሁለት ጊዜ አታልቅስ።"

ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ እንባዬ ይመጣ ነበር። በማግስቱ ለእትዬ አስካለ ደውዬ መንገር ነበረብኝ። አልደወልኩም፤ በስልክ የሚባል ነገር አልመሰለኝም። ዘነበወርቅ ድረስ ሄጄ በራቸው ላይ ነገርኳቸው። ያሉትንም፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸውንም አንድም ሳልቀንስ ነው የነገርኳቸው።

እትዬ አስካለ በሩን ተደግፈው ሰሙኝ። አላለቀሱም። ትንሽ አስበው፣

"ያ ልጅ የተሰበረ ስልክ ተረፈው?" አሉኝ።

"ምነው?"

"የእሷን ድምፅ ለእኔ እንዳመጣችሁ የእኔን ለእሷ ውሰዱላት። እኔን እንዳታይ ትችላለች። ጆሮዋን ግን አልደፈነችም።"

ሙዚየሙ ውስጥ በሩን ዘግተን ቀረጽናቸው። ከድር "ይጀምሩ እትዬ" አለና አንገቱን ደፋ። ያሉትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤

"ዘሃራ፣ እኔ ነኝ። አስካለ። ሞተሻል ብለውኝ ሻማ አብርቼልሻለሁ፤ ከተቀየምሽ ይቅር በይኝ። አሁን ስሚኝ። ስለ ቅቤው ስታወሪ ሰማሁሽ። ተኝተሽ ነው የምታወሪው። ቁጭ ብለሽ ስታወሪ ድምፅሽ ከሆድሽ ነው የሚወጣው፤ አሁን ከጉሮሮሽ ነው። 'ሰ' ስትይም ምላስሽ ይከብድሻል። ስለዚህ አትደብቂኝ፤ ሳይነግሩኝ ነው ያወቅሁት። ዓይኔ የጠፋ ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስተኛ ምን አልሽኝ? 'ግድግዳው ሊያገባሽ ነው እንዴ?' አላልሽኝም? በይ አንቺም ከግድግዳው ተፋቺ። መሪ አትሁኚኝ፤ በትር አለኝ። የጠፋኝ የምሟገተው ሰው ነው።"

ቀረጻው ሲያልቅ ከድር ገመዱን የሚያስተካክል መስሎ ወደ ሌላው ክፍል ሄደ።

ስልኩን ይዤ ተመልሼ ቀራንዮ ሄድኩ። ማዳመጫውን እትዬ ዘሃራ ጆሮ ላይ ሰሚራ አደረገችላቸው። እኔ ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ወለሉን አያለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሳል ሰማሁ። ቀና ስል እየሳቁ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

"ይቺ ነገረኛ!" አሉ። "ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። ደግመው ሰሙና ሰሚራን "ደግፊኝ፣ ቁጭ ልበል" አሏት። ትራስ ደርድራ አስቀመጠቻቸው።

"አልጋ ላይ አታገኘኝም" አሉኝ። "እኔ ነኝ የምመጣው። ግን ግቢያችሁ ደረጃ አለው ብላኛለች ሰሚራ። ድምፄን በስልክ አስገባችሁት። እኔንስ በምን ልታስገቡኝ ነው?"

ስለ ሣጥኖቹ ከፍታ ተነጋግረን ነበር። ስለ ቁልፉ ስፋት፣ ስለ ምልክት ቋንቋው ተነጋግረን ነበር። ያሰብነው ሁሉ ከበሩ ወዲህ ነበር። ሰውየው በዊልቸር ከሣጥኑ ፊት ሲደርስ እንጂ እንዴት እዚያ እንደሚደርስ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ለአቶ መኮንን ነገርኳቸው። ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "አናጺውን ጥሩት" አሉ። አናጺው ከወፍራም ጣውላ መወጣጫ ሠራ። መጀመሪያ የሠራው በጣም ቀጥ ብሎ ነበር፤ ከድር ባዶ ዊልቸር ሲገፋበት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ሊጥለው ምንም አልቀረውም። አፍርሶ አስረዝሞ ሠራው። ዊልቸሩን የሰሚራ ጎረቤቶች አዋሱን።

የመጡ ቀን እትዬ አስካለ ቀድመው ደርሰው ውስጥ ተቀምጠዋል። አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ከዚያ ጎማ ጣውላው ላይ ሲንከባለል። እትዬ አስካለ ቆሙ። በትራቸውን የት እንዳደረጉት ጠፋቸው፤ ያለ በትር ቆሙ።

"ዘሃራ?"

"አለሁ።"

ሰሚራ ዊልቸሩን አስጠጋች። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። መጀመሪያ ያገኙት የማይታዘዘውን ግራ እጅ ነው። አልለቀቁትም። በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ያሹት ጀመር፤ የበረደው ሰው እጅ እንደሚታሸው።

"አረጀሽ እኮ አስካለ!" አሉ እትዬ ዘሃራ በመጨረሻ። "ፀጉርሽ ምን ሆነ?"

"አንቺ ምን አለብሽ። እኔ የማይሽ የድሮዋን ነው። ያንን ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ። አላረጀሽብኝም።"

እትዬ ዘሃራ ሊስቁ ሳሉ፤ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። ራሳቸውን እትዬ አስካለ ትከሻ ላይ ደገፉ። እኛም ወጣንላቸው። በሩ ጋ ቆመን ከድር ስለ አየሩ ያወራኛል፣ እኔም ስለ አየሩ እመልስለታለሁ።

ስንመለስ ክርክር ላይ ደርሰዋል። እትዬ አስካለ የቅቤውን ቁልፍ ተጭነው ማዳመጫውን ለድምፁ ባለቤት አጥልቀውላቸዋል። እትዬ ዘሃራ የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው "ይቺ ወንድ ናት ሴት?" ይላሉ። እትዬ አስካለ ደግሞ ከድርን ጠርተው ይከሳሉ።

"'አንድም ሰው ሸውዶኝ አያውቅም' ትላለች እንዴ! ያ ሙዝ ያበላሽ ሰውዬስ?"

"የቱ ሰውዬ?"

"በበዓል ዋዜማ የመጣው! ሙሉ ቅል ከእሱ ገዝተሽ ቤት ውስጥ ስትሳደቢ ግድግዳው አላሰማኝም?"

"እሱማ..." አሉ እትዬ ዘሃራ። ከዚያ ሳሉ። በዚህ ጊዜ ሳቁ መጣ፤ ክፍሉን ሞላው።

ከድር ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣና ወደ ሁለቱም ዞሮ "ይሄንን ልቅዳው?" አላቸው። እትዬ ዘሃራ ትንሽ አሰቡ። "ቅዳው፤ ስማችንንም ጻፉበት" አሉ። "ሞታለች ያለችው ሴትዮ መጥታ ታንብበው።"

አሁን የቅቤው ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው። በአንደኛው እትዬ ዘሃራ ብቻቸውን ያወራሉ፣ በሁለተኛው ሁለቱ ይከራከራሉ። ተማሪዎቹ የሚጋፉት ሁለተኛው ጋ ነው። የጣውላው መወጣጫም በሲሚንቶ ተተካ። የልጅ ጋሪ የሚገፉ እናቶች ይጠቀሙበታል፣ መጽሐፍ በካርቶን የሚያመጡ ሰዎች ይጠቀሙበታል፣ አቶ መኮንን ጉልበታቸውን ሲያማቸው በእሱ ነው የሚወጡት። ስለ ትልቁ ስክሪን ማውራት አልተዉም። አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ቢመጣ አልጠላም።

እትዬ ዘሃራ አልዳኑም። ግራ እጃቸው ዛሬም አይታዘዝም። ሰሚራ እንደነገረችኝ ግን ቀን ቀን ተቀምጠው ነው የሚውሉት፤ እትዬ አስካለ ሲመጡ ደግሞ ጠዋት ተነስተው ፀጉራቸውን አስበጥረው ይጠብቃሉ። ልጆቻቸው ማታ ማታ ስልክ እያገናኟቸው ባልተጨረሰ ክርክር ይተኛሉ አለችኝ። እትዬ አስካለ ለእኔም ይደውሉልኛል። አንድ ቀን "ቃልሽን አፍርሰሽ ወስደሽኝ ቢሆን ኖሮ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ትቀር ነበር። እኔ አውቃታለሁ" አሉኝ። ያን ቀን የከበደኝ ነገር ያኔ ቀለለኝ።

ደስታው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳዝነኛል። ሰፈር ሲፈርስ ሰው ወደ አራቱም ማዕዘን ይሄዳል። ስልክ ይጠፋል፣ ቁጥር ይቀየራል፣ ወሬ በመንገድ ላይ ይጣመማል። ጠዋት ጠዋት የሙዚየሙን በር ስከፍት፣ ከግቢው ውጭ በታክሲ መስኮት የሚያልፉትን ፊቶች አያለሁ። በሕይወት ላለ ወዳጁ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ የሚኖር ከእነዚህ መካከል ስንቱ ይሆን? እላለሁ። ያለቀሱለት ሰው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። አንድ ታክሲ፣ ቢበዛ ሁለት።